«ፖዘቲቭ» ሲባል ምን ተለክቶ ነው? ከላብራቶሪ ወረቀት እስከ ጣና ውሃ

ጎንደር ውስጥ ትኩሳት ይዞት የተመረመረ ሰው ይዞት በሚመለሰው ወረቀት ላይ «ዊዳል ኦ 1 ለ 160፣ ኤች 1 ለ 80፣ ዌል ፊሊክስ 1 ለ 80» ዓይነት መስመር አይጠፋም። ቤት ሲደርስ ያ መስመር «ታይፎይድም ታይፈስም አለብኝ ተባልኩ» ሆኖ ይወራል። ቁጥሩ ግን እንዲህ አላለም። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን የቃሉ ክብደት አይመስለኝም፤ የልኬት ስም የነበረውን ቃል የበሽታ ስም ስለምናደርገው ነው። ስለዚህ ቃላቱን በፊደል ተራ አልደረድርም። እያንዳንዱ ሲነሳ ምን እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ እያየን እንሄዳለን።

ከአንቲጅንና ከአንቲቦዲ እንነሳ። አንቲጅን ማለት ሰውነታችን «ይህ ባዕድ ነው» ብሎ የሚለየው የተህዋሲው ቁራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሮቲን ወይም ስኳር አዘል ሞለኪውል ይሆናል። አንቲቦዲ ደግሞ ያንን ቁራጭ እየለየ እንዲይዝ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የአንቲጅን ምርመራ ተህዋሲውን ወይም ቁራጩን ይፈልጋል፤ የአንቲቦዲ ምርመራ የሰውነትን ምላሽ ይፈልጋል። ምላሹ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለአንቲቦዲ ምርመራ የተተረተ ይመስላል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ጅቡ አሁን ግቢ ውስጥ አለ ወይ ለሚለው ግን መልስ አይሆንም።

ዊዳል ለታይፎይድ የሚሠራ የአንቲቦዲ ምርመራ ነው። ባለሙያው ከሳልሞኔላ ታይፊ ባክቴሪያ የተዘጋጀ አንቲጅን ከሴረማችሁ ጋር ያደባልቃል፤ ሴረም ማለት ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። አንቲቦዲ ካለ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይጓጉላሉ። «ኦ» የባክቴሪያው ሽፋን አንቲጅን ነው፤ «ኤች» የሚዋኝበት ጭራ አንቲጅን ነው። 1 ለ 160 ማለት ሴረሙ 160 ጊዜ ቀጥኖ እንኳ መጓጎሉ ታይቷል ማለት ነው። ማቅጠኑ በእጥፍ ነው የሚሄደው፦ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320። ይህ ቁጥር ታይተር ይባላል። እንግዲህ 160 ከ80 እጥፍ የከፋ በሽታ አይደለም፤ የአንድ እርከን ልዩነት ነው። የአንድ እርከን ልዩነት ደግሞ ያንኑ ናሙና ሁለት ባለሙያዎች ቢያዩት እንኳ ሊፈጠር ይችላል።

ዊዳል የሚስትበት መንገድ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ታይፎይድ በሚበዛበት አካባቢ ጤነኛውም ሰው ከድሮ መጋለጥ የቀረ አንቲቦዲ አለው፤ በተለይ «ኤች» ቶሎ አይወርድም። ሁለተኛ፣ ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች ተመሳሳይ አንቲጅን ይጋራሉ፤ ወባን የመሰለ ሌላ ትኩሳት የያዘው ሰው ሴረምም ሊያጓጉል ይችላል። ሦስተኛ፣ በሽታው ከጀመረ ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከተመረመራችሁ «ኦ» ገና አልተሠራም፤ ታይፎይድ እያለባችሁ «ኔጋቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ከምርመራው በፊት አንቲባዮቲክ መጀመርም ምላሹን ያደበዝዛል። ዊዳል ትርጉም የሚኖረው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ታይተሩ አራት እጥፍ፣ ማለትም ሁለት እርከን፣ ከፍ ካለ ነው። ይህን የሚያደርግ ግን እምብዛም የለም፤ እስከዚያ ሕመምተኛው ወይ ድኗል ወይ ብሶበታል። የተሻለው መንገድ የደም ካልቸር ነው። ደሙ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያው ራሱ እስኪያድግ ይጠበቃል። ካልቸር የሚጠቅመው በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ ከአዋቂ ሰው በጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ሲወሰድ ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር አስወስዶ «ምንም አልበቀለም» ማለት ብዙ አያስተማምንም።

ዌል ፊሊክስ የባሰ ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ይህ ምርመራ የታይፈሱን ተህዋሲ፣ ሪኬትሲያን፣ ጭራሽ አይነካም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ በአጋጣሚ ተመሳሳይ አንቲጅን ስላለው በእሱ ይለካል። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃ የታወቀ ባክቴሪያ ነው፤ የሽንት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው «ታይፈስ ፖዘቲቭ» ቢባል አያስገርምም። ሁለቱ በሽታዎች ስማቸው ይቀራረብ እንጂ መንገዳቸው አይገናኝም። ታይፎይድ፣ የአንጀት ተስቦ የምንለው፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል። ወረርሽኝ የሚያስነሳው ታይፈስ በልብስ ቅማል ይተላለፋል። አንዱን የሚከላከለው እጅ መታጠብና ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሌላውን ልብስ መቀቀል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ሲወጡ መጠርጠር ያለበት ከበሽተኛው ይልቅ ምርመራው ነው።

በጨጓራ በኩልም ያው ነው። ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በደም የሚሠራው ምርመራ አንቲቦዲ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ወስዶ የዳነ ሰውም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ይወጣል። ድኛለሁ ወይ ብሎ ለማወቅ የሚሠራው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲክ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልና መሰል የአሲድ መቀነሻ ከቆመ 2 ሳምንት ሲሞላው። ኦሜፕራዞሉን ሳያቆሙ መመርመር ባክቴሪያው ቁጥሩ ቀንሶ ሳለ መፈለግ ነው፤ ወረቀቱ «ኔጋቲቭ» ይላል፣ ከወር በኋላ ሆድ መቃጠሉ ይመለሳል።

ከቆላ ለሚመለሱ ሰዎች የሚበጀው ምሳሌ ካላዛር ነው። በሰሊጥ ወቅት ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃው ይህ በሽታ የሚመጣው ሌሽማኒያ ከሚባል ጥገኛ ተህዋሲ ነው፤ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ፣ አርኬ 39፣ አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ሰው ይጠቅማል። ታክሞ ድኖ ምልክቱ የተመለሰበት ሰው ላይ ግን ዋጋ የለውም፤ ቢያገረሽም ባያገረሽም ፖዘቲቭ ይሆናል። ያኔ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ ናሙና ተወስዶ ተህዋሲው ራሱ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በነገራችን ላይ ደጋ ላይ ፊት የሚያበላሸው ቁንጭርም ሌሽማኒያ ነው። ዝርያው ግን ሌላ ነው፣ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ሽኮኮ ውስጥ ይኖራል፤ «ቁንጭር ወደ ካላዛር ይቀየራል» ብሎ መፍራት አያስፈልግም።

አንቲጅን ከተባለ ሁሉ ትኩስ ማስረጃ ነው ማለትም አይደለም። የወባ ፈጣን ምርመራ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዝርያ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን ይፈልጋል። ያ ፕሮቲን ተህዋሲው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ኮአርተም ጨርሶ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና በፈጣን ምርመራ ተመርምሮ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ለክትትል የሚሆነው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ነው። በእርግጥ ኮአርተም የማይሠራበት ጊዜም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አወሳሰዱ ነው። መድኃኒቱ በ3 ቀን 6 ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ሉሜፋንትሪን የተባለው ክፍሉ ወደ ደም በደንብ የሚገባው ከስብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ መዋጥ ግማሽ መድኃኒት መጣል ነው። ወተት ወይም ዘይት ያለበት ምግብ ይበቃል።

ወባው «ተመለሰብኝ» ሲባል ደግሞ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ተህዋሲው ከደም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቀርቶ እንደገና ሊበዛ ይችላል፤ አዲስ ትንኝ ነድፎ አዲስ ወባ ሊያስገባ ይችላል፤ ወይም ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነቃ ይችላል። ሦስተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው፤ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ስለሚጠፋ አሥራ አራቱን ቀን የሚጨርሰው ጥቂት ነው፤ ቫይቫክስ የሚያገረሽባቸው ሰዎች ዘንድ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ላይ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴልን ስለሚያፈርስ፣ ሽንት ጠቁሮ ከታየ ወዲያው አቁሞ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ምርመራን የሚመዝኑ ሁለት ቃላት አሉ፤ በደንብ ቢያዙ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራሉ። ሴንሲቲቪቲ ማለት በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች ምርመራው ስንቱን ያገኛል ማለት ነው። ስፔሲፊሲቲ ማለት ከሌለባቸው 100 ሰዎች ስንቱን በትክክል «የለባችሁም» ብሎ ያሰናብታል ማለት ነው። ሁለቱም 95 ከመቶ የሆነ ምርመራ አለ እንበል። ከ1000 ትኩሳተኞች በሽታው ያለባቸው 20 ብቻ በሆኑበት ቦታ እንጠቀምበት። ከ20ዎቹ 19ኙን ያገኛል። ከሌለባቸው 980 ግን 5 ከመቶውን፣ 49 ሰዎችን፣ በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። 68 ፖዘቲቭ ወረቀት ወጣ፤ እውነተኛው 19 ነው። ያንኑ ምርመራ ከ1000ው 400 በሽታው ወዳለባቸው ቦታ ብትወስዱት 380 እውነተኛና 30 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣችኋል። ኪቱ አልተቀየረም፤ ቦታው ነው የተቀየረው። ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው፣ ስለዚህም ከቆላው ይልቅ ወባ በሚያንስባት በጎንደር ከተማ ያለ ሐኪም «በቅርብ መተማ ወይም ደምቢያ ሄደህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም። የእናንተ መልስ የወረቀቱን ትርጉም ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

እዚሁ ላይ ፕሪቫለንስና ኢንሲደንስን እንለይ፦ የመጀመሪያው በአንድ ወቅት በሽታው ያለባቸው ሰዎች ድርሻ ነው፤ ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የተያዙት ናቸው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሰውን ዕድሜ ሲያራዝም ፕሪቫለንስ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ኤንደሚክ የሚባለው በሽታ ሁልጊዜ በሚጠበቀው መጠን የሚኖር ነው፤ ከሚጠበቀው ሲያልፍ ወረርሽኝ ይሆናል። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝና በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መከፈቱ ከዚሁ የአካባቢው ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የደም ቆጠራ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለው «መደበኛ መጠን» ከጤነኞች 95 ከመቶው የሚገኙበት ክልል ነው። ከ20 ጤነኞች አንዱ ከክልሉ ውጪ ይወጣል። 20 ልኬት በአንድ ቀን ያሠራ ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዷ ከመስመር ብትወጣበት ልማድ ነው። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ላይ ደግሞ ከፍታ ይቆጠራል፤ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት በባሕር ወለል ላይ የደም ማነስ መነሻ 12 ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ በጎንደር ከፍታ መነሻው ወደ 1 ግራም ገደማ ከፍ ይላል። 12.2 የወጣላት ወላድ ወረቀቱ «ደህና ነሽ» ቢላትም ብረት ሊያስፈልጋት ይችላል።

ከፍታ ካነሳን ውሃ ማፍላት ላይ ትንሽ እንቆይ። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ለመጠጥ ይበቃል፤ ኮሌራም ታይፎይድም ጃርዲያም አሜባም ከዚያ በታች ይሞታሉ። ጥንቃቄው ጊዜው ላይ ነው፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል። ሠላሳ ደቂቃ ማፍላት ከሰል መጨረስ ነው።

ግን የፈላ ውሃ ስቴራይል አያደርግም። ስቴሪላይዝ ማድረግ ማለት ስፖርን ጨምሮ ሕይወት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። ስፖር አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ድርቅንና ሙቀትን የሚቋቋም ቅርጽ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲ አንዱ ነው። በ93 ዲግሪ የተቀቀለ መቀስ ጸድቷል እንጂ ስቴራይል አይደለም። ለዚህ ነው አውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራው ማምከኛ፣ የሚያስፈልገው፦ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ። እዚህ ላይ የጎንደር ጉዳይ ይመጣል። መመሪያው «15 ፒኤስአይ» ይላል፣ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው፤ ይህ ለባሕር ወለል ነው። የግፊት መለኪያው የሚያነበው ከውጪው አየር ያለውን ልዩነት ነው፤ እዚህ ደግሞ የውጪው አየር ግፊት ወደ 3.5 ፒኤስአይ ያንሳል። ስለዚህ 121 ዲግሪ ለመድረስ መለኪያው 18.5 አካባቢ ማንበብ አለበት። በ15 ላይ ያቆመ ሰው ከ121 በታች ነው የሠራው። ሰዓቱም የሚቆጠረው አየሩ ወጥቶ ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ምድጃው ከተለኮሰ ጀምሮ አይደለም። ዕቃ አጨናንቆ መክተትም እንፋሎቱ መሃሉ እንዳይደርስ ያደርጋል።

ማጽጃው በረኪና ከሆነ ቃሉ ዲስኢንፌክት ማድረግ ነው፤ ስፖርን ለማጥፋት አይታመንም። መለያው 5 ከመቶ ካለ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለ ማለት ነው፣ ወይም 50,000 ፒፒኤም። ፒፒኤም በውሃ ጉዳይ ሚሊ ግራም በሊትር ማለት ነው፤ ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም። ደም የፈሰሰበትን ወለል ለማጽዳት የሚፈለገው 0.5 ከመቶ ነው፦ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። መጀመሪያ ደሙ ይጠረግ፤ ክሎሪን ቆሻሻውን እየበላ ያልቃል። የተቀላቀለው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ብርሃን ያፈርሰዋል። ከአሲድ ማጽጃ ጋር በጭራሽ አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ለመጠጥ ውሃ መጠኑ ከዚህ በጣም ያንሳል። የሚለካው «ቀሪ ክሎሪን» ነው፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ውሃው ውስጥ ሳይበላ የቀረው። ግማሽ ሚሊ ግራም በሊትር ከቀረ ሥራው ተሠርቷል፤ ምንም ካልቀረ ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ጨርሶታል። ክረምት ላይ የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ አድሮ ይጠለል፣ በነጠላ ይጣራ፤ ድፍርስነት ለተህዋሲያን መደበቂያ ነው። ሮቶ ውስጥ ለሳምንት የቆየ የቧንቧ ውሃም መጀመሪያ ሲመጣ የነበረው ክሎሪን ተኖ ይሆናል። የውሃ ምርመራ ወረቀት ላይ «ኢ. ኮላይ» ሲባል አብዛኛው ዝርያ አያሳምምም፤ የሚፈለገው ምስክርነቱ ነው። እሱ ካለ ሰገራ ውሃው ገብቷል፤ ስለዚህ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት።

ወደ ጣና ስንወርድ እምቦጭና «ዩትሮፊኬሽን» አብረው ይነሳሉ። ዩትሮፊኬሽን ማለት ውሃ ለዕፅዋት ምግብ በሚሆኑ ንጥረ ነገሮች ከመጠን በላይ መበልጸጉ ነው፤ የሚለካው በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ነው፤ ከእርሻ በጎርፍ የሚታጠብ ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ሐይቁን ያበለጽጉታል። መበልጸጉ ለአረሙ ነው። እምቦጩ ብርሃን ይሸፍናል፤ ሲሞት ደግሞ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣው ይታፈናል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ተለቅሟል፤ የሚያስቸግረው ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየቱ ነው። ነቅሎ ዳር ላይ መተውም ዘሩን ማስቀመጥ ነው፤ ውሃ ከማይደርስበት ርቆ መድረቅ አለበት። ስለ እምቦጭ የሚነገር ሄክታር ስትሰሙ መቼ እንደተለካ ጠይቁ፤ ነፋስ አረሙን ከዳር ዳር ስለሚገፋው የደምቢያ ዳርቻ ዛሬ ተሸፍኖ ከሳምንት በኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሰሜን ተራሮች ላይ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ብቻ ላለውም ጥቂት ለሆነውም እንጠቀምበታለን። ሳይንሱ ይለያቸዋል። ጭላዳ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ አለ፣ ግን በመቶዎች ተሰብስቦ ሲግጥ ታዩታላችሁ። ዋልያ ደግሞ ብቻም ነው፣ ጥቂትም ነው፤ በተፈጥሮ የሚኖረው ከሰሜን ተራሮች ሌላ የትም የለም። አንድ ጦርነት ወይም ከፍየል የሚጋባ አንድ በሽታ ጭላዳን ይጎዳል፤ ዋልያን ሊጨርስ ይችላል።